ታፔላው አገሩን አይከልል

ልጄ፣ ለፓርክ ጎብኚ የሚቆም ታፔላ፣ በእንግዳ መቀበያ ቤት የሚደረደር ዕቃና ሥዕል፣ አስጎብኚው የሚናገረው ቃል እንዴት ቢሰናዳ ይበጃል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ትምህርቱን አንቺ በወጉ ተምረሽዋል። እኔ ያለኝ በጣርማ በር ቁልቁለት ስወጣና ስወርድ ያየሁትና ከአባቶች የሰማሁት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ሰው ፓርክ ድረስ የሚመጣው አገር ሊያይ ነው። ስለዚህ የታፔላ ሥራ የእንግዳውን ዓይን ለአፍታ ተቀብሎ፣ አንድ ነገር ሹክ ብሎት፣ መልሶ ወደ አገሩ መስደድ ነው። ዓይኑን ይዞ ካስቀረው፣ ፊደሉ ቢያምር ቀለሙም ቢደምቅ ሥራውን አልሠራም። ይህን አጥብቀሽ ያዢ። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

እኛ ሸዋ ሮቢቶች በከተማችን ፓርክ የለንም። ግን በላያችን ጓሳ፣ በግርጌያችን አዋሽ፣ በመካከሉ ይፋት አለ። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ጣሊያን በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ሲያልፍ ጋቢውን ደርቦ ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና። ደብረ ሲናንና አርማኒያን አልፎ፣ በጠቅላላው 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል። ጋቢው ይወልቃል፣ ጥላ ይፈለጋል። የደጋው ገብስና ባቄላ ቀርቶ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይታያል። መንገደኛው ምሳውን በልቶ፣ ውሃ ገዝቶ ወደ ደሴ ይቀጥላል። በዚያች አጭር ሰዓት የታላቁን ስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንደወረደ የነገረው የለም። ዓይኑ አይቷል፤ ያየው ምን እንደሆነ ግን ሳያውቅ ያልፋል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው የፓርክ ዝግጅት ከፓርኩ በር አይጀምርም የምልሽ። እንግዳው ከየት ተነስቶ መጣ? መኪናው የት ይቆማል? ልጆቹ የት ይደክማቸዋል? ጥላው የት ነው? መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ይህን በእግርሽ ሄደሽ ሳታዪ ወረቀት ላይ ታፔላ አትትከዪ። ደግሞም እንግዳ ስትዪ ፈረንጁን ብቻ አታስቢ። ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሮቢት በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣው ተማሪ የመጀመሪያው እንግዳሽ ነው። ይህን አገር ነገ የሚጠብቀው ወይም የሚያርሰው እሱ ነው። ቤት ያፈራውን ማቅረብ ያለብሽ በቅድሚያ ለእሱ ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መጽሐፉን ማገላበጥሽ መልካም ነው፤ ግን መጽሐፉን የጻፈውም ሰው መጀመሪያ የጠየቀው የአገሩን ባለቤት ነው።

ጓሳን ውሰጂ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው የኖረ ምድር ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ለሣርና ለግጦሽ እንደለዩት ይነገራል። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፣ ተጠቃሚው አባ ቄራ ብሎ በመረጠው አለቃ ሥር ሆኖ ቦታውን ለ3፣ ሲያስፈልግም ለ5 ዓመት ይዘጋዋል። በዚያ ጊዜ ማንም ሣር አያጭድበትም፣ ከብትም አያሰማራበትም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ የሚደረበው ገሳ ይሠራል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም የአገሬው ሰው ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ ለዛሬ አድርሶታል። በዓለም ላይ ወደ 500 ገደማ ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቱ ዛሬም እዚያ የሚውሉት ስለዚህ ነው።

ይህንን ታሪክ ማን ይናገር? ከቢሮ የተላከ ጽሑፍ «አካባቢው በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የተጠበቀ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ማንም አይሰማውም፣ ከማንም ልብ አይገባም። ገሳውን ግን ግድግዳ ላይ ስቀዪውና እንግዳው ይደርበው፤ ክብደቱን ትከሻው ይወቀው። ከአጠገቡ የአንድ አዛውንት ፎቶ ይኑር፤ ሣሩ ተዘግቶ ሳለ ሰርቆ ያጨደ ሰው ምን ይደረግ እንደነበር በራሳቸው አነጋገር የነገሩሽ ቃል፣ ሳታሳምሪው፣ ከሥሩ ይጻፍ። ገመድ የሚገምድ ሰው ቅዳሜና እሁድ ተቀምጦ ሲገምድ ይታይ፤ ለድካሙም በቀኑ ይከፈለው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ወደ አዋሽም ስትወርጂ ይኸው ነው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ባዶ መሬት አልነበረም። ከረዩ፣ ኢቱና አፋር ከብታቸውን የሚያሰማሩበት፣ ግመላቸውን የሚያጠጡበት ነበር። ታፔላው ስለ ሳላው ብቻ ተናግሮ ስለ አርብቶ አደሩ ዝም ካለ፣ ያ ታፔላ ለባለ ከብቱ የሌላ ሰው አጥር ሆኖ ይታየዋል። እንግዳው ደግሞ ከመንገዱ ዳር ግመል ሲያይ «ይህ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ በነዋሪው ላይ ይፈርዳል። የግጦሹን ችግር፣ የድርቁን፣ የፓርኩንና የአርብቶ አደሩን ሙግት አትደብቂ። ችግሩን እንዳለ የነገርሽው እንግዳ ሌላውንም ቃልሽን ያምናል። ባለቤቱ ያቀለላትን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበላትም ይላሉ አባቶች፤ ፓርክም ነዋሪው ካላከበረው እንግዳ አያከብረውም።

በትምህርት ቤት ስለተማርሽው ፍሪማን ቲልደን ነግረሽኝ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ፣ ለፓርክ ጎብኚ የሚነገር ነገር ዋና ግቡ ማስተማር ሳይሆን መቀስቀስ ነው ማለቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የእኛም ሰው ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ብሎ ጨርሶታል። ልቡ እንዲፈርድ መጀመሪያ ዓይኑን የሚያይበት ቦታ ላይ አድርሺው።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ጓሳ ላይ ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ቀስ ብሎ ሲመላለስ ይታያል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ግልገሎቻቸውን አይነካም። እዚያው ጓሳ ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምክንያቱን አግኝቶታል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ። አሁን ይህን እንዴት ትጽፊዋለሽ? በረቂቅሽ ላይ የቀበሮውን የሳይንስ ስም፣ ክብደቱን፣ የእርግዝናውን ወራት፣ የሚበላውን ሁሉ ደርድረሽ ነበር። ያ ለመጽሐፍ ይሁን። ታፔላው ላይ ይህን ያህል ይበቃል፦ «ከጭላዳዎቹ መካከል ቀይ ቀበሮ ይታይዎታል? ጭላዳዎቹ ይሸሹት እንደሆነ ልብ ይበሉ። አፍንጫውን ወደ መሬት ሲያደርግ ደግሞ ትንፋሽዎን ይያዙ፤ አይጥ ሰምቷል።» ያነበበ ሰው ወዲያው ቀና ብሎ ይፈልጋል። ቁጥሩን አስጎብኚው ይነግረዋል፣ ወይም በብሮሸሩ ላይ ያገኘዋል።

በዚያ ቀን ቀበሮው ባይወጣስ? እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ በበሩ ላይ የሚያገሣ አንበሳ ሥሎ አቁሟል። እንግዳው ቀኑን ሙሉ ዞሮ የአንበሳ ጭራ ሳያይ፣ ያየውን ድኩላና ወፍ ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ተበሳጭቶ ይመለሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የሚታየውን ተናገሪ። ቀበሮ ሁልጊዜ አይታይም፤ የአይጡ ጉድጓድ፣ የጓሳው ሣር፣ እንደ ምሰሶ የቆመው ጅብራ ግን በማንኛውም ቀን አለ። ከእነሱ ጀምሪ። ቀበሮው ከወጣ ምርቃት ይሁን።

ስለ ልክ ደግሞ እንነጋገር። ዝም አይነቅዝም። በአንድ ታፔላ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ። በእኔ ግምት ከ50 ቃል ያለፈውን ጽሑፍ ቆሞ የሚጨርሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞማ ከዚያም ያንሳል። ጽሑፉን ስታሳጥሪ የምትጥዪው ዐረፍተ ነገር ሁሉ ያሳዝንሻል፤ ሆኖም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ ዋናውን ለማዳን ሌላውን ልቀቂ። ፊደሉን እንደ እኔ ያለ አዛውንት ሁለት እርምጃ ርቆ ያለ መነጽር እንዲያነበው አድርጊ። አማርኛ ፊደል ሲያንስ ሀ እና ሁ፣ ለ እና ሉ ይምታታሉና ከላቲኑ ፊደል ይልቅ ስፋት ይፈልጋል፤ ዲዛይን የሚሠራልሽ ልጅ ይህን ላያስብ ይችላል።

አቋቋሙም ቁም ነገር አለው። የገደሉ አፋፍ ላይ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ታፔላ ከተተከለ ሰው የመጣበትን እይታ ይጋርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከወገብ ዝቅ ብሎ ወደ አንባቢው ያዘነበለ ይሁን፤ በዊልቸር የመጣም፣ ሕፃንም ያየዋል፤ ከላዩ ሰማዩና ቆላው ነፃ ሆኖ ይቀራል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ታፔላ በመኪና ማቆሚያውና በመንገዱ መነሻ ላይ ይሁን፤ ደንቡ፣ ርቀቱ፣ የሚወስደው ሰዓት እዚያ ይጻፍ። ካርታ ስታስቀምጪ ደግሞ ሰውየው በቆመበት አቅጣጫ አዙሪው። ከጓሳ አፋፍ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ሰሜን ወደ ላይ የሆነ ካርታ ብትሰጪው ይፋት በቀኙ፣ መንዝ በግራው ይሆንበታል። ፊት ለፊቱ ያለው ቆላ በካርታው ላይም ከላይ ይሁን። የሮቢ ወንዝ ከተራራው ወርዶ ወደ አዋሽ ሲገሠግሥ በጣቱ ይከተለው።

ስለ መሬቱ መሰንጠቅ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለጎብኚ ከባድ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈረሳት። መሬቱ አንድ ጊዜ ተናውጦ አላቆመም፤ ሲመላለስ ሰነበተ። ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ አደረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲናወጥ፣ በታኅሣሥ ማብቂያ ንውጥውጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተነሳ። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ምድሪቱ እዚህ ላይ እየተሳበች ትሰነጠቃለች፣ ደጋው ከላይ ይቀራል፣ ቆላው ይሰምጣል። «ከእግርዎ በታች ያለው ገደል የተሠራው በዚህ ነው፤ ሥራውም አላለቀም» በዪው። ከዚያ የማጀቴን ቀን የሚያስታውስ ሰው ፈልገሽ ድምፁን ቅጂ። በሕይወት ያሉት እየተመናመኑ ነውና ይህን ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት አታሳድሪው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ወደ ይፋት ታሪክ። እዚህ ላይ ነው ልብሽ ሰፊ፣ እጅሽ ደግሞ ጥንቁቅ መሆን ያለበት።

ከእኛ በታች ባለው ቆላ የይፋት ሱልጣኖች ነበሩ። ዑመር ወላሽማ በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን ሱልጣኔት በእጁ አስገባ፤ ዘሮቹ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዘው ነገሡ። በ1332 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዐምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ተዋጉ። የዐፄው ዜና መዋዕል በግዕዝ ተጽፏል፤ የሱልጣኖቹን ታሪክ ደግሞ የግብፁ መቅሪዚ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በዐረብኛ ጽፎታል። በኖራ፣ በአስበሪ፣ በመሰል የተገኙት የድንጋይ መስጊዶችና ቤቶች ፍራሽ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው፤ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ያጠኗቸው ገና በዚህ መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አርጎባው ዛሬም በአቀበቱ ላይ ድንጋይ ደርቦ ቤት ይሠራል፤ እጁ የዚያው የጥንቱ ግንበኛ እጅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን ታሪክ እንደ ድል ዜና አትጻፊው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። በአንድ ሮቢት ገበያ ላይ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ሽንኩርትና ማሾ፣ ፍየልና ግመል ይዞ ይገናኛል። አንዱ በታፔላሽ ፊት ቆሞ አያቱ እንደተሰደቡ ከተሰማው፣ ታፔላሽ ያስነሳው አዲስ ጠብ ነው። ዝም ብለሽ አልፈሽ ደግሞ «እዚህ ቦታ ጥንታዊ ፍርስራሽ አለ» ብቻ ካልሽ ባለ ታሪኩን ከአገሩ አውጥተሻል። ታዲያ መንገዱ ምንድን ነው? ማን ምን እንዳለ፣ በየት ቋንቋ እንደጻፈው ለይተሽ ተናገሪ። ግዕዙ ይህን ይላል፣ ዐረብኛው ይህን ይላል፣ ድንጋዩ ደግሞ ይህን ያሳያል በይ። እንግዳው ማመዛዘን ይችላል፤ አክብሪው።

ከጦርነቱም ይልቅ ኑሮውን አሳዪ። የመስጊዱ መጸለያ ወደ የት እንደሚያይ፣ የጨው አሞሌ በየትኛው ሸንተረር እንደወጣ፣ ሰው ምን እንደበላ። እዚያው በዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ሰብረዲን ድል ካደረገ በንጉሡ መቀመጫ ጫት እንደሚተክል ሲዝት ይነበባል፤ ስለ ጫት ከሚያወሱት የዓለም ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሮቢት ላይ ጫት ሲሸጥ ያየ ተማሪ ይህን ቢያነብ 690 ዓመት በፊቱ ይቀልለታል፤ ታሪኩ የሱ መንገድ፣ የሱ ገበያ መሆኑን ያውቃል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከአንድ ሼህና ከአንድ ቄስ ፊት፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ተቀምጠው፣ አንብቢላቸው። ለየብቻቸው አታድርጊው። አንዱ የሚከፋበት ቃል ሲመጣ የሌላውን ፊት እያየ ነው የሚናገረው፤ ብዙውን ጊዜ የተሻለውን ቃል ራሳቸው ያገኙልሻል። ይህን ስልሽ እውነቱን ሸራርፊው ማለቴ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያላረጋገጥሽውን ዓመተ ምሕረት ግን አትቅረጪ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በብረት ላይ የተጻፈ ስሕተት ከሰው አፍ ለማውጣት ትውልድ ይፈጃል። ደግሞም ጥበቃ የሌለውን መቃብርና ፍራሽ በካርታ ላይ ነጥብ አድርገሽ አታውጪ። ወርቅ አለ ብሎ ሌሊት የሚቆፍር ሰው ካርታ ማንበብ ያውቃል። የቀበሮውን ጉድጓድም እንዲሁ።

ስለ ቁሱ ብዙ አልልም፤ አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ። ብቻ የሮቢትን ፀሐይ አትርሺ። ባነር ዓመት ሳይሞላው ይገረጣል። ላሜራ እኩለ ቀን ላይ ያንጸባርቃል፣ ሕፃን ቢነካው ያቃጥለዋል። እንጨቱን ምስጥ ይጨርሰዋል። ጓሳ ላይ ደግሞ ጉምና በረዶ አለ፤ ከብት እከኩን ይፈትግበታል፣ ዝንጀሮ ይንጠላጠልበታል። ከታች ያለውን መቆሚያ የአገሬው ግንበኛ በድንጋይ ይገንባው፤ ከላይ ያለው ሰሌዳ በአራት ብሎን ተፈትቶ የሚቀየር ይሁን። የሥዕሉንና የጽሑፉን ዋና ቅጂ በሁለት ቦታ አስቀምጪ። ለምርቃት ቀን ተብሎ በጥድፊያ የቆመ ታፔላ አይቻለሁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጀት ሲሰጥሽ ሁሉንም ለማቆሚያ አታውጪው፤ ለማደሻው በየዓመቱ ጥቂት ይቀመጥ። ማደሻ ከሌለሽ ዐሥር ከምታቆሚ አራት አቁሚ።

ቋንቋውንም እንዲሁ በልኩ አድርጊው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ እንግሊዝኛ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲታጨቅ ፊደሉ ያንስና ማንም አያነበውም። ቦታው የማን እንደሆነ አይተሽ ሁለቱን በሰሌዳው ላይ አድርጊ፤ የቀሩትን በብሮሸርና በአስጎብኚ አፍ ስጪ። የቦታውን ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጠራው ጻፊው። ኪው አር ኮድ የምትዪውም ይኑር፤ ነገር ግን ገደሉ ሥር ኔትወርክ የለምና ዋናውን ነገር እዚያ ውስጥ አትደብቂው።

እንዴት ይሠራል ካልሽ ወደ መልካ ቁንጡሬ ሂጂ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦታው በ1963 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያና ቅሪት ሲወጣበት ኖሯል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሙዚየሙ የተሠራው በጎጆ ቤቶች ነው፤ ከአንዱ ወጥተሽ ወደ ሌላው ስትሄጂ ነፋሱን እያገኘሽ፣ ሜዳውን እያየሽ ነው። ከዚያ በእግርሽ ወርደሽ የተቆፈረውን መሬት ከነድንጋዩ፣ በነበረበት፣ ጣሪያ ተደርጎለት ታዪዋለሽ። ግማሽ ቀን እዚያ ዋዪ። እንግዶች የት እንደሚቆሙ፣ የትኛውን ሳያነቡ እንደሚያልፉ ጥግ ይዘሽ ተመልከቺ። ከማንም አስተማሪ የበለጠ ያስተምርሻል።

ከታፔላ ሁሉ በላይ ግን ሰው ነው። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቱ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ቀበሮው የት እንዳደረ፣ ጭላዳው በየትኛው አፋፍ እንደወጣ ያያል። እንግዳ ሲመጣ ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ ይከተላል እንጂ የሚጠይቀው የለም። እሱን አስጎብኚው አጠገብ አቁሚው፤ ዛሬ ጠዋት ያየውን በራሱ ቋንቋ ይናገር፣ አስጎብኚው ይተርጉም። በመቀበያው ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀልና «ዛሬ የታየ» ተብሎ በጠመኔ ይጻፍበት፤ ከሁሉ የሚነበበው እሱ ይሆናል፤ ወጪውም የጠመኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ ረቂቅሽን መልሼልሻለሁ። ለማተሚያ ቤት አትስጪው። መስከረም ሲጠባ፣ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ጽሑፉን በካርቶን ላይ በእጅሽ ጽፈሽ ወደ ጓሳ ውጪና በታሰበበት ቦታ በእንጨት ላይ አስረሽ አቁሚው። ለስካውቱ፣ ሣር ለምታጭድ እናት፣ ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አስነብቢ፤ ማንበብ የማይችል ካለ አንብቢለትና ምን እንደሰማ ጠይቂው። ያልገባቸውን ሰርዢ፣ ያረሙሽን ጻፊ። ከዚያ በመመለሻሽ ሮቢት ውረጂና እኔም ቤት ግቢ፤ የታረመውን አብረን እናነበዋለን።